አሜባው ለምን አልድን አለ? የአንጀት ብግነትና አዳዲስ ህክምናዎቹ

የዛሬው ጉዳያችን ሆድ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ለራሳችሁ ባይሆን ለወንድማችሁ ወይ ለጓደኛችሁ ይጠቅም ይሆናል።

አንድ የ22 ዓመት የአምቦ ልጅ አለ እንበል። ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ተቅማጥ አለው፣ አንዳንዴ ሰገራው ላይ ደም ያያል። ክሊኒክ ሄደ፣ ሰገራ ሰጠ፣ «አሜባ ነው» ተባለ። ሜትሮኒዳዞል ወሰደ፣ ለጥቂት ቀን ተሻለው፣ ከዚያ ተመለሰበት። ሌላ ክሊኒክ ሄደ፣ አሁንም አሜባ። ሦስተኛው ጋ «ታይፎይድም አለብህ» አሉት። ፋርማሲ ሲጠይቅ «ኪንታሮት ይሆናል» ተባለ። እናቱ ፌጦ በጥብጠው ሰጡት። ጎረቤት ደሞ «አምቦ ውሃ ጠጣበት፣ ያጥብልሃል» አለው። በዚህ ሁሉ መሃል ስምንት ወር አለፈ። ልጁ ኪሎ ቀነሰ፣ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳ፣ ትምህርቱን አቋረጠ።

ይሄ ልጅ ለምሳሌ ያመጣነው እንጂ በስም የምናውቀው ሰው አይደለም። ግን ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ ባለው መንገድ «አሜባዬ ተነሳብኝ» ሲባል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለንም።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እዚህ አገር ተቅማጥ ሲይዘን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ በእርግጥም ኢንፌክሽን ነው፤ በመድኃኒት ወይም በራሱ ጊዜ ይድናል። እኛ የምናወራው አልድን ስላለው ነው። ሳምንታት አልፈው፣ መድኃኒቱ ተደጋግሞ፣ ደሙ ካልቆመ፣ ሌላ ስም ያለው በሽታ ሊሆን ይችላል። ስለዚያ በሽታ ደግሞ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ትልልቅ ዜናዎች ተሰምተዋል።

ዘበኛው ባለቤቱን ሲደበድብ

በሽታው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «አይ.ቢ.ዲ» ይባላል፤ በአማርኛ የአንጀት ብግነት ልንለው እንችላለን። ዋናዎቹ ዓይነቶች ሁለት ናቸው።

አንደኛው አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ነው። የሚያጠቃው ትልቁን አንጀት ነው። ከፊንጢጣ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። የአንጀቱ የውስጥ ሽፋን ይቆስላል፣ ይደማል። ስለዚህ ዋና ምልክቱ ደም የቀላቀለ ተቅማጥና «አሁኑኑ ሽንት ቤት ካልደረስኩ» የሚያሰኝ ጥድፊያ ነው።

ሁለተኛው ክሮንስ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1932 ኒውዮርክ ውስጥ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ስለ በሽታው ከጻፈው ከዶክተር ቡሪል ክሮን ነው። ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል፤ በብዛት የሚገኘው ግን ትንሹ አንጀት የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። ቁስሉ ላይ ላዩን አይደለም፣ የአንጀቱን ግድግዳ ዘልቆ ይገባል። ሲቆይ የአንጀቱን መተላለፊያ ያጠባል። አንዳንዴም ከአንጀት ወደ ቆዳ ወይም ወደ ሌላ አካል የሚወጣ ቀዳዳ ይፈጥራል፤ ፊስቱላ የሚባለው እሱ ነው።

ሁለቱም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም። ሁለቱም በብዛት የሚጀምሩት በወጣትነት፣ ከ15 እስከ 35 ባለው ዕድሜ ነው። ማለትም በኛ ዕድሜ።

ምን ሆኖ ነው? አንጀታችን ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። የሰውነታችን መከላከያ ከነሱ ጋር ተቻችሎ ነው የሚኖረው። አይ.ቢ.ዲ ያለበት ሰው ላይ ይሄ መቻቻል ይፈርሳል። መከላከያው ጠላት የገባ ይመስለውና ራሱን አንጀቱን መውጋት ይጀምራል። ዘበኛው ሌባ መስሎት ባለቤቱን ደበደበ እንደማለት ነው። አሜባ ሲሆን ችግሩ ሌባው ነው፣ ስለዚህ ሌባውን የሚገድል መድኃኒት ይሰራል። እዚህ ግን ችግሩ ዘበኛው ስለሆነ ሜትሮኒዳዞል ቢደጋገም በሽታውን አያድነውም።

አይ.ቢ.ኤስ ከሚባለው ጋርም አታምታቱት። አይ.ቢ.ኤስ ሆድ ይነፋል፣ ይቆርጣል፣ ያስቸግራል፤ ግን አንጀት አያቆስልም፣ ደም አያመጣም።

«የፈረንጅ በሽታ» ነው እንዴ?

ለረጅም ጊዜ አይ.ቢ.ዲ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ በሽታ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። ይሄን አስተሳሰብ ከሚያናጉት ማስረጃዎች አንዱ የመጣው ከኢትዮጵያውያን ነው።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1983 ደሞ በዘመቻ ሰለሞን በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በዘመቻ ሰለሞን ብቻ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ነው የተጓጓዘው። ሲደርሱ አይ.ቢ.ዲ በመካከላቸው አይታወቅም ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የእስራኤል ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት ግን እዚያ ዓመታት ከኖሩ በኋላ በሽታው በነሱም ላይ ብቅ ማለቱን አሳየ።

ይሄ ምን ይነግረናል? ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ደማቸው አልተቀየረም። የተቀየረው ኑሯቸው ነው። ተመራማሪዎች ለበሽታው መነሻ የሚሆኑ ዘረመሎችን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሲያገኙ ቆይተዋል፤ ዛሬ ከ200 በላይ የዘረመል ቦታዎች ይታወቃሉ። ግን ዘር ብቻውን በሽታውን አያመጣም። አብረው የሚጠረጠሩት በፋብሪካ ብዙ የተቀነባበሩ ምግቦች፣ በልጅነት ተደጋግሞ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ፣ እና ሰውነት በልጅነቱ ከጀርም ጋር ያለው ትውውቅ መቀነሱ ናቸው።

ስለ ትል እንኳን ተሞክሯል! አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች «የድሃ አገር ሰው አንጀቱ ውስጥ ትል ስላለ ይሆን በሽታው የማይዘው?» ብለው የአሳማ ትል እንቁላል ለሕመምተኞች አጠጡ። በ2005 የታተሙት ትንንሽ ጥናቶች ተስፋ ሰጥተው ነበር። በኋላ የመጣው ሰፊ ሙከራ ግን ጥቅም ስላላሳየ ተቋረጠ። ስለዚህ «ትል ይጠቅማል ተባለ» ብላችሁ የትል መድኃኒት እንዳትተዉ።

እ.ኤ.አ. በ2025 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ከ80 በላይ አካባቢዎችን መረጃ ሰብስቦ በሽታው በየአገሩ በአራት ደረጃ እንደሚያልፍ አሳይቷል። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ከዚያ አዳዲስ ታማሚዎች በፍጥነት ይበዛሉ። ቀጥሎ በሽታው የዕድሜ ልክ ስለሆነ ታማሚው እየተጠራቀመ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ሚዛን ላይ ይደርሳል። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ አገሮች ያሉት የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። ማለትም እኛ ጋ በሽታው ብርቅ ነው፣ ግን የለም ማለት አይደለም። ብርቅ መሆኑ ደግሞ የራሱ ችግር አለው፤ ማንም አይጠረጥረውም።

አሜባ፣ ቲቢ ወይስ አይ.ቢ.ዲ?

የሰገራ ምርመራው ራሱ ሊያሳስት ይችላል። በሽታ የምታመጣዋ አሜባ ምንም ጉዳት የማታደርስ መንትያ አለቻት። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የሁለቱ እንቁላል የመሰለ ቅርፅ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «አሜባ ታይቷል» ቢልም የሕመማችሁ ምክንያት እሷ ናት ማለት ላይሆን ይችላል። የላብራቶሪ ባለሙያው ጥፋት አይደለም፤ ማይክሮስኮፑ የሚያሳየው እዚያ ድረስ ነው።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ነገር የአንጀት ቲቢ ነው። ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ አይቀርም፣ አንጀትም ይይዛል። የሚወደው ቦታ ደግሞ ክሮንስ የሚወደውን፣ የትንሹን አንጀት መጨረሻ ነው። ሁለቱም ሆድ ያማሉ፣ ኪሎ ያስቀንሳሉ፣ ትኩሳት ያመጣሉ፣ አንጀት ያጠባሉ። በካሜራ ሲታዩ እንኳን ይመሳሰላሉ። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። የክሮንስ መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል። ለቲቢ ታማሚ ያንን መስጠት እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? ዋናው ምርመራ ኮሎኖስኮፒ ነው። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ አንጀቱን ያሳያል፣ ከቁስሉም ቁራጭ ናሙና ይወሰዳል። ናሙናው በፓቶሎጂስት ይታያል፣ ለቲቢም ይመረመራል። «ያፍራል» የምትሉት ነገር የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፣ ሐኪሙ ደግሞ በየቀኑ የሚሰራው ስራ ነው።

ከዚያ በፊት የሚረዱ ቀለል ያሉ ነገሮችም አሉ። ካልፕሮቴክቲን የሚባል የሰገራ ምርመራ አንጀት ውስጥ መቆጣት መኖሩን ይጠቁማል፤ ኢንፌክሽንም ከፍ ስለሚያደርገው ብቻውን አይፈርድም። ሌላው ብዙ ምርምር እየተሰራበት ያለው አልትራሳውንድ ነው። የሰለጠነ ሐኪም የአንጀቱን ግድግዳ ውፍረትና የደም ፍሰቱን በሆድ ላይ አይቶ በሽታው ጋብ ማለት አለማለቱን ይከታተላል። ማሽኑ በየከተማው አለ፤ የሚጎድለው ስልጠናው ነው። ለኛ ዓይነቱ አገር ይሄ ትልቅ ተስፋ ነው ብለን እናምናለን።

መድኃኒቶቹ፣ ከድሮው እስከ አዲሱ

የመጀመሪያው መድኃኒት የተገኘው በአጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል። ስዊድናዊቷ ዶክተር ናና ስቫርትስ ሰልፋሳላዚንን ያሰሩት ለመገጣጠሚያ ሕመም ነበር። የኮላይቲስ ታማሚዎች አንጀትም እንደተሻለው አስተዋሉ። ይሄ ከ80 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ርካሽ ኪኒን ዛሬም ለቀላልና ለመካከለኛ ኮላይቲስ ይሰራል፤ በዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ።

ቀጥሎ ስቴሮይድ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1955 እንግሊዛውያኑ ትሩላቭና ዊትስ ኮርቲዞን ከባድ ኮላይቲስን እንደሚያበርድ በሙከራ አሳዩ። ፕሬድኒሶሎን የዚሁ ቤተሰብ ነው። በፍጥነት ያበርዳል፣ ግን ለዘለቄታ የሚወሰድ አይደለም። ሲቆይ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ፊት ያብጣል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። አንጀት ውስጥ ስትሮንጊሎይድስ የተባለ ትል ያለበት ሰው ስቴሮይድ ከወሰደ ትሉ በመላ ሰውነቱ ሊሰራጭና ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ፕሬድኒሶሎን ያለ ሐኪም ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ ቀልድ አይደለም። የጀመራችሁም ካላችሁ በአንዴ አታቁሙት፤ በሐኪም ምክር ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው።

ከዚያ አዛታዮፕሪን የመሳሰሉ መከላከያን የሚያረግቡ ኪኒኖች መጡ። ትልቁ ለውጥ ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ሆነ። አሜሪካ ኢንፍሊክሲማብ የተባለውን መድኃኒት ለክሮንስ ፈቀደች። ይሄ መድኃኒት «ቲ.ኤን.ኤፍ» የተባለውን፣ ዘበኞቹን «በለው!» እያለ የሚያነሳሳ ኬሚካል ለይቶ ይይዛል። እንደነዚህ ያሉት ባዮሎጂክስ ይባላሉ። ከሕያው ሴል ስለሚሰሩ ውድ ናቸው፣ በመርፌ ወይም በደም ስር ይሰጣሉ፣ ፍሪጅ ይፈልጋሉ።

ከዚያ ወዲህ በሩ ተከፈተ። አዳሊሙማብ መጣ። በ2014 የተፈቀደው ቬዶሊዙማብ ተቆጪዎቹ ሴሎች ከደም ወደ አንጀት እንዳይገቡ በሩ ላይ ይከለክላል። ዩስቴኪኑማብ፣ ሪሳንኪዙማብ፣ ሚሪኪዙማብ፣ ጉሰልኩማብ ሌሎች የቁጣ መልእክቶችን ያቋርጣሉ። ቶፋሲቲኒብና ኡፓዳሲቲኒብ ደሞ የሚዋጡ ኪኒኖች ናቸው። የሚዋጡ መሆናቸው ጥሩ ቢሆንም በ2021 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ላይ ስለ ልብ ችግር፣ ስለ ደም መርጋትና ስለ ካንሰር ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አስጽፏል።

አንድ ነገር አንርሳ፦ ከነዚህ አንዱም በሽታውን ነቅሎ አያጠፋውም። የሚያደርጉት በሽታውን ማስተኛት ነው። ግን በሽታው ተኝቶ ትምህርት መማር፣ ስራ መስራት፣ ማግባት፣ መውለድ ይቻላል። ለታማሚው ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

የምርምሩ ትልቁ ዜና፦ ጊዜ

ከአዲስ መድኃኒት ሁሉ በላይ ያስገረመን ግን አንድ የእንግሊዝ ጥናት ነው። ስሙ «ፕሮፋይል» ይባላል፣ ውጤቱ የወጣው በ2024 ነው። በቅርቡ ክሮንስ የተገኘባቸው 386 ሰዎች ተሳትፈውበታል።

የተለመደው አሰራር ከቀላሉ መጀመር ነው፤ ስቴሮይድ ይሰጣል፣ በሽታው ሲመለስ ወደ ጠንካራው ይኬዳል። በጥናቱ ግማሾቹ እንደዚያ ታከሙ። ሌሎቹ ግን ገና ከመጀመሪያው ኢንፍሊክሲማብ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተሰጣቸው። ከ48 ሳምንት በኋላ ጠንካራውን ቀድመው ከጀመሩት 79 በመቶ የሚሆኑት ያለ ተጨማሪ ስቴሮይድና ያለ ቀዶ ጥገና በሽታቸው ተኝቶ ቆይቷል። በተለመደው መንገድ ከሄዱት ግን 15 በመቶ ብቻ!

ጥናቱ አንድ የደም ምርመራ ለማን የትኛው ሕክምና እንደሚሻል ይለይ እንደሆነም ፈትሾ ነበር። ምርመራው አልጠቀመም። የጠቀመው መፍጠን ነው።

መድኃኒቱ ያው ነው፤ በ1998 የተፈቀደው። ልዩነቱን ያመጣው መቼ መሰጠቱ ነው። አንጀት ቶሎ ከታከመ ቁስሉ ይሽራል። ከዘገየ ግን ጠባሳ ይሰራል፤ ጠባሳን ደግሞ መድኃኒት አይፈታውም፣ ቢላ ይፈልጋል። አሁን ወደ አምቦው ልጅ ተመለሱ። ስምንት ወር ከአሜባ ወደ ታይፎይድ፣ ከታይፎይድ ወደ ኪንታሮት ሲዞር ያጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሊሽር የሚችልበትን ጊዜ ነው ያጣው።

ገና በመንገድ ላይ ያሉት

በ2024 ቱሊሶኪባርት የተባለ አዲስ መድኃኒት ውጤት ታትሟል። ብግነትንም ጠባሳንም የሚያባብስ «ቲ.ኤል.1ኤ» የሚባል መልእክተኛ ይይዛል። በአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ታማሚዎች ላይ በ12 ሳምንት ውስጥ 26 በመቶው በሽታቸው ሲተኛ፣ የማስመሰያ መድኃኒት ከወሰዱት 1 በመቶ ብቻ ነው የተኛላቸው። ትልልቆቹ ሙከራዎች ተከትለዋል።

በዚያው ዓመት ለንደን የሚገኘው ፍራንሲስ ክሪክ ተቋም ተመራማሪዎች «ኢ.ቲ.ኤስ.2» የተባለ ዘረመል የመከላከያ ሴሎችን ቁጣ እንደሚመራ አገኙ። ለካንሰር የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ያንን ቁጣ በላብራቶሪ ውስጥ አበረዱት። ለሰው ለመስጠት ገና ነው፤ ጎንዮሹ ከባድ ስለሆነ ወደሚፈለገው ሴል ብቻ የሚደርስበት ዘዴ ይፈለጋል።

ከጤነኛ ሰው የተወሰደ ሰገራን አጣርቶ ለታማሚ መስጠትም እየተሞከረ ነው። አትሳቁ! አንዳንድ የኮላይቲስ ታማሚዎችን ረድቷል፤ ግን ለማን፣ ስንት ጊዜ፣ ከማን የሚለው ገና አልለየም። ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር በፍጹም አይደለም።

ምግብስ? በክሮንስ ለታመሙ ልጆች ለሳምንታት የተዘጋጀ ፈሳሽ ምግብ ብቻ መስጠት በሽታውን እንደሚያስተኛ የታወቀ ነው። በ2019 ደሞ የእስራኤሉ ዶክተር አሪ ሌቪንና ባልደረቦቻቸው የተመረጡ እውነተኛ ምግቦች ከከፊል ፈሳሽ ምግብ ጋር ልጆችን እንደሚረዱ አሳይተዋል። እርድም ተጠንቷል። 50 ሰዎች በነበሩበት አንድ ትንሽ ሙከራ የእርድ ንጥረ ነገር ከመደበኛው መድኃኒት ጋር ሲሰጥ ጠቅሟል። ልብ በሉ፣ ከመድኃኒቱ ጋር ነው፣ በቀን 3 ግራም የተጣራ ንጥረ ነገር። ወጥ ላይ ከምንነሰንሰው ጋር አይገናኝም።

ስለ አምቦ ውሃም ካነሳን አይቀር፣ ጋዝ ያለው ውሃ ቁስል አያጥብም፤ በተቆጣ አንጀት ላይ ሆድ ይነፋል። በርበሬም በሽታውን አያመጣም፤ ሲነሳባችሁ የሚያባብስ ከሆነ ግን ለጊዜው መተው ነው።

እዚህ ለኛስ?

እውነቱን እንነጋገር። ባዮሎጂክስ በአብዛኛው የምዕራብ ሸዋ ቤተሰብ አቅም የሚገዛ መድኃኒት አይደለም። የጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስትም በብዛት የሚገኘው አዲስ አበባ፣ እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ባሉ ሆስፒታሎች ነው። ከአምቦ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከባኮ ወይም ከጌዶ ለሚነሳ ደሞ ከዚያም በላይ።

ግን ነገሩ ሁሉ ጨለማ አይደለም። ሰልፋሳላዚን፣ ፕሬድኒሶሎንና አዛታዮፕሪን የቆዩ፣ ዋጋቸው ከባዮሎጂክስ ጋር የማይወዳደር መድኃኒቶች ናቸው። በትክክለኛው ሰው ላይ፣ በትክክለኛው ጊዜ ከተጀመሩ ብዙ ሰው ይረዳሉ።

የባዮሎጂክስ ዋጋም እየተሰበረ ነው። የመጀመሪያዎቹ የባለቤትነት መብታቸው ሲያልቅ ሌሎች ፋብሪካዎች ተመሳሳያቸውን፣ ባዮሲሚላር የሚባሉትን፣ መስራት ጀመሩ። አውሮፓ የኢንፍሊክሲማብን ተመሳሳይ በ2013 ፈቀደች። የህንዱ ዛይደስ ኩባንያ በ2014 መጨረሻ የአዳሊሙማብን ተመሳሳይ አገሩ ላይ ለገበያ አቀረበ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ይሄን የመድኃኒት ቤተሰብ በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ጨምሯል። ዝርዝሩ ላይ መግባቱ ብቻውን መድኃኒቱን ፋርማሲያችን ድረስ አያመጣውም። መንግሥታት የሚገዙትን ሲመርጡ የሚያዩት ግን እሱን ነው፣ ስለዚህ መጠየቅ እንችላለን።

መድኃኒቱ ቢገኝ እንኳን ለኛ አገር አንድ ግዴታ አለ። የቲ.ኤን.ኤፍ መድኃኒቶች ተኝቶ የነበረ ቲቢን ሊቀሰቅሱ እንደሚችሉ ከ2001 ጀምሮ ይታወቃል። ከመጀመሩ በፊት ቲቢ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ እና ኤች.አይ.ቪ መመርመር አለባቸው። «ዘመዴ ከውጭ ላከልኝ» ብላችሁ ሳትመረመሩ እንዳትወጉ።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚያስኬድ፦ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ደም ያለው ተቅማጥ፣ ከትኩሳት ወይም በደቂቃ ከ90 በላይ ከሚመታ ልብ ጋር። ይሄን መለኪያ ያወጡት እነዚያው የ1955ቱ ሐኪሞች ናቸው፤ ዛሬም ይሰራበታል። ሆድ ተነፍቶ ድርቅ ካለ፣ ማስታወክ ካለና ጋዝም ካልወጣም አትጠብቁ።

ቀጠሮ ይዛችሁ «ሌላ ነገር ይሆን?» የምትሉበት፦
• ተቅማጡ ከ4 ሳምንት ካለፈ
• ደም ተደጋግሞ ከታየ
• ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ካለ
• ሳትፈልጉ ኪሎ ከቀነሳችሁ ወይም ደም ማነስ ከተገኘባችሁ
• ፊንጢጣ አካባቢ የማይድን እብጠት ወይም መግል ካለ
• ከሆዱ ጋር የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የዓይን መቅላት ወይም የአፍ ቁስል ካለ

ሐኪም ጋ ስትገቡ እነዚህን ጠይቁ፦
• «የአሜባ መድኃኒት በትክክል ጨርሼ አልተሻለኝም፤ ቀጣዩ ምርመራ ምንድን ነው?»
• «የአንጀት ቲቢ ሊሆን ይችላል?»
• «ኮሎኖስኮፒ ያስፈልገኛል? ሪፈር ሊጻፍልኝ ይችላል?»

ስልካችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ኖት ክፈቱና በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደተቀመጣችሁ፣ ደም ነበረ አልነበረም፣ በሳምንት አንዴ ኪሎአችሁን ጻፉ። የእያንዳንዱን ውጤትና የመድኃኒት ማሸጊያ ፎቶ አንሱ። «የሆነ ነጭ ኪኒን ወስጃለሁ» ከማለት ፎቶ ማሳየት ሐኪሙን ብዙ ይረዳዋል።

የማኅበረሰብ ጤና መድን ያላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር እያጻፋችሁ ሂዱ፤ ዘላችሁ ከሄዳችሁ ሽፋኑ ሊቀርባችሁ ይችላል። ለሕመም ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከመዋጥ ተቆጠቡ፤ የተቆጣ አንጀትን ሊያባብሱ ይችላሉ። ሲጋራም ክሮንስን ያከፋዋል። በሽታው ከተገኘባችሁ ደሞ ስለተሻላችሁ ብቻ መድኃኒት አታቋርጡ። ኮላይቲስ ዓመታት ሲቆይ የአንጀት ካንሰር አደጋን ስለሚጨምር ከ8 ዓመት ገደማ በኋላ በየጊዜው በካሜራ መታየት ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ነገር ሐፍረት ነው። ስለ ሰገራ ማውራት እኛ ጋ ነውር ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ክፍል ውስጥ፣ ስራ ላይ ሽንት ቤት የሚያስሮጠው ሰው ይሳቅበታል፤ እሱም ዝም ይላል። ዝም ባለ ቁጥር ደሞ ያ የሚሽርበት ጊዜ ይሄዳል። ለንደን ያለው ላብራቶሪ አዲሱን መድኃኒት ይፈልግ፤ እሱ የነሱ ስራ ነው። የኛ ስራ ግን አሁን ይጀምራል፦ ለወራት «አሜባዬ» እያለ የሚሰቃይ ጓደኛ ካላችሁ፣ አትሳቁበት፣ ይሄን ላኩለት፣ ከቻላችሁም አብራችሁት ሂዱ።